ጠይም ነበር

ነገሩ የተጀመረው ከእጅ መዳፍ በማትበልጥ አንዲት ፎቶግራፍ ነው። ወሩ ጥቅምት፣ ዘመኑ 2016 ዓ.ም. ነበር። አዳማ ውስጥ፣ ከፍራንኮ ወረድ ብላ ባለችው ጠባብ ፎቶ ቤቴ ተቀምጬ የአንድ ተማሪ ጉርድ ፎቶግራፍ ስቆርጥ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ገቡ። የመጡት ከወንጂ ነው። አረፍ እንኳ ሳይሉ ከመጽሐፍ መሐል አንድ ፎቶግራፍ አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

በ1981 ዓ.ም. የተነሣ የቀለም ፎቶግራፍ ነው። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ጎልማሳ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ዳር ቆሞ ይስቃል። ለካሜራ ብሎ የሳቀ አይመስልም፤ ፎቶግራፍ አንሺው አንድ ነገር ተናግሮ ያሳቀው ነው የሚመስለው። ነገር ግን ሰውዬውም፣ ሸሚዙም፣ አገዳውም፣ ሰማዩም ቀልተዋል። በርበሬ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ።

«ይህችን አሳድግልኝ ወንድሜ» አሉኝ። «መልኩንም መልስልኝ። የልጅ ልጄ ግድግዳ ላይ አይቶት ‹አያቴ ቀይ ነበር እንዴ?› አለኝ። ቀይ አልነበረም። ጠይም ነበር። በ84 ሲሞት ልጆቹ ሕፃናት ናቸው፤ መልኩን አያውቁትም። እኔ ያለፍኩ ቀን የሚያምኑት ይህን ፎቶግራፍ ነው።»

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የዛሬ ጨዋታዬ ስለ ኮምፒዩተር ነው። ለፎቶግራፍ ማረሚያ የሚሆን ኮምፒዩተር ዕቃ በዕቃ መርጬ፣ በገዛ እጄ ስለ መገጣጠሜ ላወጋችሁ ነው። ይሁን እንጂ ጨዋታው ከእኚህ እናት ካልተነሣ መድረሻው አይታወቅም።

ፎቶግራፉ ስለ ምን እንደቀላ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። በቀለም ፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ሦስት ስስ ቀለሞች ተነባብረው ይገኛሉ፤ ቢጫ፣ ማጀንታ የሚባለው ሐምራዊ ቀይ እና ሳያን የሚባለው ውኃ ሰማያዊ። በዚያ ዘመን በነበሩት በብዙዎቹ ወረቀቶች ላይ ቶሎ የሚደክመው ሳያኑ ነበር፤ ፎቶግራፉ ከብርሃን ተሸሽጎ ቢቀመጥም እንኳ። እርሱ ሲሄድ የቀሩት ሁለቱ ተደባልቀው ቀይ ይሆናሉ። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ዘመዶቻችን ብዙዎቹ ቀላ ቀላ ያሉት ለዚህ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሰው የሚገለጸው ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እየተባለ ነውና ነገሩ ቀላል ስሕተት አይደለም። ሰውን ሌላ ሰው ያደርገዋል።

ሥራውን በሦስት ቀን ጨረስኩ። ፎቶግራፉን በስካነር አስገባሁ፣ ቀዩን ቀነስኩ፣ ሳያኑን መለስኩ፣ ጭረቱን ሞላሁ። በስክሪኔ ላይ ሸሚዙ ነጭ፣ ሰውዬው ጠይም ሆኖ ታየኝ። ከዚያ አንድ ማንም ያላዘዘኝን ሥራ ጨመርኩ፤ ቡናማ የነበረውን ጥርሱን አነጣሁለት። ፋይሉን አዲስ አበባ ልኬ፣ በትልቁ አሳትሜ፣ በፍሬም አድርጌ ጠበቅኳቸው።

መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ብዙ ጊዜ አዩት።

«ይህ ሰውዬ ማነው?» አሉኝ።

ያን ጊዜ እኔም ወረቀቱን በደንብ አየሁት። ስክሪኔ ላይ ጠይም የነበረው ሰው ወረቀቱ ላይ ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ያደላ ነበር። ጥርሱ ደግሞ እንደ ሳሙና ነጭ ሆኖ ከፊቱ ለብቻው ይታያል።

«ጠይም ነው አልኩህ እኮ። ጥርሱንስ ምን አደረግከው? የወንጂ ልጅ እኮ ነው!» አሉና ትንሿን ፎቶግራፍ ብቻ ይዘው ወጡ። ገንዘቡን ልመልስ ብል «ለድካምህ ይሁን» አሉኝ። ስድብ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

የወንጂ ጥርስ ምን እንደሆነ የስምጥ ሸለቆ ሰው ያውቀዋል። ለሌላው ልንገር። ሸለቆው በእሳተ ገሞራ ዐለት የተሞላ ስለሆነ ከርሰ ምድር ውኃው ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ግን ከዚህ እጅግ ያልፋል። ይህን ውኃ እየጠጣ ያደገ ልጅ፣ ቋሚ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ይበከልና ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ወንጂም፣ መተሐራም፣ ዝዋይም ይኸው ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ለሥራ የመጡ ሰዎች ልጆቻቸውን እዚያው አሳደጉ። የልጆቹ ጥርስ የተወለዱበትን ቦታ ይናገራል። ሰውዬው ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነበር።

እኔስ ለምን አነጣሁት? እውነቱን ልናገር። የእኔም ጥርስ ከዚያው ሸለቆ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው «ሳቅ በል» እያልኩ ስደግፍ የኖርኩ ሰው፣ እኔ ራሴ ፎቶግራፍ ስነሣ ከንፈሬን እገጥማለሁ። ደንበኞቼም «ጥርሴን አንጣልኝ» ይሉኛል፤ የገዛ ጥርሳቸው ነውና መብታቸው ነው። የሞተን ሰው ጥርስ ግን ማን ፈቀደልኝ? የራሴን እፍረት በእርሱ አፍ ውስጥ ጨመርኩት።

ስለ ጥርሱ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ስለ ቆዳው ግን ጥፋተኛው የማሽኑ ስክሪን ነበር። ይህን ለማወቅ ወራት ፈጀብኝ።

ያን ኮምፒዩተር የገዛሁት በሻጭ ምርጫ ነው። ፕሮሰሰሩ ፈጣን፣ ግራፊክስ ካርዱ ጌም የሚያጫውት፣ ሣጥኑ በመስተዋቱ ውስጥ አረንጓዴና ሐምራዊ መብራት የሚያብለጨልጭ ነበር። ገንዘቡ እዚያ ላይ አለቀና ስክሪኑን ሻጩ ከመጋዘን አውጥቶ በምርቃት መልክ ጣል አደረገልኝ። እኔም በደስታ ተቀበልኩ። ለፎቶግራፍ አንሺ ዓይን በምርቃት ተሰጠው ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ስክሪኑ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነበር። ስክሪን ሰማያዊ ሲሆን ሠራተኛው ሳያውቀው ቀይና ቢጫ እየጨመረ ያካክሳል። በዓይኑ ፊት ትክክል ይመስለዋል፤ ፋይሉ ውስጥ ግን የቀረው ትርፉ ቀይ ነው። ወረቀት ደግሞ የስክሪንን ሰማያዊነት አያውቅም፤ የሚያትመው ፋይሉን ነው። ሌላም ነገር ነበር። የአዳማ ፀሐይ በበሬ በኩል ቀጥታ ስለሚገባ የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ነበር የምሠራው። ብርሃኑ ሲበዛ ጨለማው ፎቶግራፍ ብሩህ ይመስላል፤ ሲታተም ይጠቁራል። ስንት ደንበኛ «ጠቆርኩ» ብሎኝ በማተሚያ ቤቱ አሳብቤያለሁ!

በነገራችን ላይ ከእኔ በፊት ትልልቆቹም በዚህ ተሰናክለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የኮዳክ ኩባንያ ለማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ ከመጀመሪያዋ ሞዴል ስም ተነሥቶም «ሸርሊ» ይባል ነበር። የእርሷ ቆዳ ካማረ ሁሉም አምሯል ማለት ነው። የጥቁር ሰው ፊት በዚያ ፊልም ላይ ዝርዝሩ ሲጠፋ ለዓመታት ብዙም ያሰበበት የለም። ፊልሙ ቡናማን በደንብ እንዲለይ ከገፋፉት መካከል ቸኮላታቸውና የእንጨት ዕቃቸው በፎቶግራፍ አላምር ያላቸው ነጋዴዎች ነበሩበት። እንግዲህ መሣሪያ የማን ፊት ትክክል እንደሆነ አስቀድሞ ወስኖ ሊመጣ ይችላል። ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው ውሳኔውንም አብሮ ይገዛል።

ሁለተኛው ዱላ የመጣው በጥር ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው። ቅዳሜ አንድ ሠርግ፣ እሑድ ሌላ ሠርግ አነሣሁ። የቅዳሜውን ወደ ሃርድ ዲስኩ ገለበጥኩና ለእሑዱ ሚሞሪ ካርዶቹን ደመሰስኩ። ሰኞ ጠዋት ስሠራ መብራት ሄደ፤ መጣ፤ ሄደ፤ መጣ። በሦስተኛው ላይ ሃርድ ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ከዚያ በኋላ አልተከፈተም። ለሙሽሮቹ በፍላሽ አስቀድሜ ከሰጠኋቸው ጥቂት ፎቶግራፎች በስተቀር የአንድ ቤተሰብ ሠርግ ጠፋ። ገንዘባቸውን መለስኩ። ሙሽራዋ አልተቆጣችም፤ «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብላ ሄደች።

ያን ማታ ሥራ ያስተማሩኝን ሽማግሌ አስታወስኩ። በ1980ዎቹ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ በነበረ ፎቶ ቤት ነው ሙያውን የለመድኩት። የፎቶግራፍ ሙያ ወደ አገራችን በቤተ መንግሥት በኩል እንደገባ፣ ለዐፄ ምኒልክ ያነሡ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሙያውን ለልጆቻቸው እንዳወረሱ ያጫወቱኝ እርሳቸው ናቸው። በጨለማው ክፍል ውስጥ በቀይ አምፖል ሥር ሲያጥቡ፣ በሾለ እርሳስ ኔጋቲቭ ላይ ጠባሳ ሲሸፍኑ እጃቸው አይንቀጠቀጥም ነበር። እያንዳንዱን ኔጋቲቭ ቁጥር ሰጥተው በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀምጣሉ። «ወረቀቱ የደንበኛው ነው፤ ኔጋቲቩ ግን አደራ ነው» ይሉኝ ነበር። እኔ በዚህ ሁሉ ቴክኖሎጂ መሐል የብስኩት ቆርቆሮ አልነበረኝም።

እንግዲህ አዲስ ማሽን ሊሠራ ነው። ዕቁቤ በሰኔ ደረሰኝ። «ሐምሌ ዝናብ ነው፤ በነሐሴ እገዛለሁ» ብዬ ተዘናጋሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆጠሩ ከ100 ብር አለፈ። የኮምፒዩተር ዕቃ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነውና የእኔ ዕቁብ ቁጥሩ ሳይቀነስ ቀነሰ። በሰኔ ሁሉንም ይገዛ የነበረው ገንዘብ በነሐሴ ግማሹን መተውን የግድ አደረገው።

ሴት ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ፊቴ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ይህ ማሽን ምን እንዲያደርግልህ ነው የምትፈልገው?»

አሰብኩና «እንዲያይ፣ እንዲያስቀምጥ፣ ከዚያ እንዲሮጥ» አልኳት።

በዚሁ ቅደም ተከተል ጻፈችው። ሻጮች የሚጽፉት ዝርዝር ከመሮጥ ይጀምራል። የእኛ ወረቀት ተገልብጦ የተጻፈ ይመስል ነበር። ስናስተውለው ግን የጠፋብኝ ሁሉ፣ የሰውዬው መልክም የሙሽራዋም ሠርግ፣ በፍጥነት ማነስ የጠፋ አልነበረም።

በፈጣኑ መንገድ አዲስ አበባ ወጣን። መርካቶንም መገናኛንም ዞርን። በኪሴ የያዝኩት ፍላሽና አንድ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ አነጣጥሩ የተጠበቀ፣ የተዋጣለት ማተሚያ ቤት ያተመው የልጄ ፊት ሲሆን ፍላሹ ላይ ያለው የዚያው ፎቶግራፍ ፋይል ነው። በየሱቁ ፋይሉን አስከፍቼ ወረቀቱን ከስክሪኑ ጎን አቆማለሁ፤ የቆመችውንም ልጅ አያለሁ። አንድ ፊት ሦስት ቦታ። ወረቀቱንና ባለቤቷን የማይመስል ስክሪን ይሰናበታል።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ ከታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሄጄ ከጎን አያለሁ። ቲኤን የሚባለው ርካሹ ስክሪን ከታች ሲያዩት ይጠቁራል፣ ከላይ ሲያዩት ይገረጣል፤ አንገት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀለሙ ይለወጣል። አይፒኤስ የሚባለው ግን ከየትም ቢያዩት ብዙ አይዋሽም። ሻጩ ወጣት «ጋሼ፣ ሊሰግዱለት ነው እንዴ?» ብሎ አሳቀኝ። እኔም «የሚገባው ካገኘሁ እሰግዳለሁ» አልኩት።

ስክሪን ላይ ሁለት ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ስምንት ቢት ነው ወይስ ስድስት? ስምንት ቢት ከሆነ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃ ይኖረዋል፤ ሦስቱ ሲባዙ ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለም ነው። ስድስት ቢት ደረጃው 64 ብቻ ስለሆነ 262 ሺህ ገደማ ላይ ይቆምና የጎደለውን በማብለጭለጭ ያታልላል። በጠይም ጉንጭና በጥቁር ጉንጭ ላይ ያለችው የጥላ ደረጃ የምትጠፋው እዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ኤስአርጂቢ የሚባለውን የቀለም ክልል ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል ወይ? ይህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1996 የተቀረጸ ሲሆን ብዙዎቹ የፎቶ ማተሚያ ማሽኖች እስከ ዛሬ የሚጠብቁት ፋይል በእርሱ የተሠራውን ነው። ከዚህ ሰፋ ያለ ውድ ስክሪን ነበር። ማተሚያው ለማያትመው ቀለም ግን ገንዘብ አላወጣም ብዬ ተውኩት። ሁለቱን ያሟላ፣ ሃያ አራት ኢንች የሆነ አይፒኤስ ስክሪን ገዛሁ። የገንዘቡን ትልቁን ድርሻ ወሰደ። ሻጩ ሣጥን ሳልገዛ ስክሪን በመግዛቴ ተገረመ።

ቀጥሎ ማስቀመጥ። ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው ቀላል ሕግ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። እኔም ለሥራ አንድ ኤስኤስዲ፣ ለማከማቻ አንድ ሃርድ ዲስክ፣ ለውጭ ደግሞ አንድ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ፈጣን ነው፤ ተራ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋ ባይት ገደማ ሲያነብ መካከለኛ ኤስኤስዲ 500 ያህል ያነባል። ሃርድ ዲስክ ግን ለማከማቻ ርካሽ ነው። ተንቀሳቃሹን በየወሩ ሞጆ እኅቴ ዘንድ ወስጄ በሌላው እለውጠዋለሁ። እኅቴ ከሰነዶቿ ጋር በቁም ሣጥን ትቆልፍበታለች። የብስኩት ቆርቆሮዬ ማለት ነው።

ማስቀመጥ ያለ መብራት አይሆንም። አዳማ በመብራት ምንጭ መሐል የተቀመጠች ከተማ ናት። በደቡብ በኩል እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብ አለ። በኮረብታዎቹ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2015 የተጠናቀቁት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች፣ 34ና 102 ማማዎቻቸው፣ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዘው ይሽከረከራሉ። ኃይሉ የሚገባው ወደ አገር አቀፉ መስመር ስለሆነ ማማውን ያየ ሁሉ መብራት አይጠፋበትም ማለት አይደለም። ስለዚህ ዩፒኤስ ገዛሁ። ብዙ ሰው ዩፒኤስ የሚገዛው መብራት ሲሄድ ሥራ ለመቀጠል ነው፤ እንዲህ ከሆነ ያዝናል። የዩፒኤስ ሥራ ፋይል አስቀምጦ፣ ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቁ ጥቂት ደቂቃዎችን መስጠት ነው። ሣጥኑ ላይ 650 ቪኤ የሚል ቁጥር ቢኖር 650 ዋት አይምሰላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚችለው ከ400 ዋት በታች ነው። ፓወር ሰፕላዩንም ክብደቱን በእጄ መዝኜ፣ ብቃቱ የተመሰከረለትን መረጥኩ። በርካሽ ፓወር ሰፕላይ ላይ ውድ ዕቃ መሰካት በሸንበቆ ላይ ድንጋይ ቤት መሥራት ነው።

ለመሮጥ የቀረው ገንዘብ ጥቂት ነበር፤ ያም ሆኖ በቃ። ስለ ራም ስሌት እንሥራ። የእኔ ካሜራ 24 ሚሊዮን ነጥብ ያነሣል። በፎቶሾፕ በ16 ቢት ሲከፈት እያንዳንዱ ነጥብ ስድስት ባይት ይይዛል፤ አንዱ ፎቶግራፍ 144 ሜጋ ባይት ሆነ። አምስት ንብርብር ቢኖረው 720 ነው። ወደ ኋላ ለመመለስ የሚያስቀምጠው ታሪክ፣ ዊንዶውስ ራሱና ሌላው ሲጨመር ስምንት ጊጋ ይጠባል፤ 16 ይበቃል፤ 32 ያንፈላስሳል። አራት የራም ማስገቢያ ያለው ማዘርቦርድ መረጥኩና ሁለት ባለ ስምንት ጊጋ ሰካሁ። ሁለቱ ባዶ ቦታዎች የሚቀጥለው ዕቁብ ናቸው። ፕሮሰሰሩን ባለ ስድስት ኮር መካከለኛ አደረግኩ፤ ለፎቶግራፍ ሥራ ከኮር ብዛት ይልቅ የአንዱ ኮር ፍጥነት ይጠቅማል። ግራፊክስ ካርድ ጨርሶ አልገዛሁም፤ ፕሮሰሰሩ የራሱ አለው። የፎቶግራፍ ጭረትና ጉርብጥብጥ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያጠሩት አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ያለ ካርድ ይንቀረፈፋሉ። ይንቀረፈፉ። ቡና እጠጣለሁ።

ሣጥኑ ያለ መብራት፣ ያለ መስተዋት የሆነ ተራ ቆርቆሮ ነው። የአዳማ ነፋስ አቧራውን ከየትም ስለሚያመጣ ልጄ አሮጌ ስቶኪንግ ቆርጣ በአየር ማስገቢያው ላይ ወጠረችበት። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ የሚይዘውን አቧራ ብታዩ ለማሽኑ ታዝኑለታላችሁ።

የገጣጠምነው በአንድ ሌሊት፣ በምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰውነታችን ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ በየጊዜው የሣጥኑን ብረት እየነካን፣ እንደ ጥርስ ሳሙና ያለውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት የአተር ፍሬ ያህል ፕሮሰሰሩ ላይ ጠብ አድርገን ማቀዝቀዣውን አሰርን። ቁልፉን ስንጫን ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ባለቤቴ «ገንዘቡ እንዲህ ሆነ?» ብላ ከመኝታ ቤት ወጣች። ልጄ ራሙን ነቅላ፣ «ቀጭ» እስኪል ድረስ እንደገና ጫነችው። በራ። የሠርጉን ዲስክ የገደለው ድምፅና ይህ ድምፅ መመሳሰላቸው ያን ሌሊት ገረመኝ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ ገንዘብ አልጠየቀም። ጠረጴዛውን ከበሩ አራቅኩ። ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን አረንጓዴ ግድግዳ ግራጫ ቀባሁት። የስክሪኑን ብርሃን ከግማሽ በታች ዝቅ አደረግኩ። ከውጭ የመጣ ዘመድ ባመጣልኝ፣ የኮምፒዩተር አይጥ በምታህል የቀለም መለኪያ አስተካከልኩት። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ነገር ደብዛዛና ቢጫ መሰለኝ፤ ለካ ዓይኔ ለዓመታት ሰማያዊውን ለምዶ ኖሯል። በሳምንቱ የታተመው ወረቀትና ስክሪኑ ተመሳሰሉ።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ታክሲ ተሳፍሬ ወንጂ ሄድኩ። ጠያይቄ አገኘኋቸው። «ያቺን ፎቶግራፍ እንደገና ይስጡኝ፤ ደግሞም እርስዎ ካልመጡ አልሠራትም» አልኳቸው። በማግሥቱ መጡ። ወንበር አምጥቼ ከጎኔ አስቀመጥኳቸው።

ማሽኑ የሚያውቀውን አደረገ። የሸሚዙ ኮሌታ ነጭ እንደነበር ስለምናውቅ እርሱን መነሻ አድርጌ የጠፋውን ሳያን መለስኩ። አገዳው አረንጓዴ ሆነ። ሰማዩ መጣ። የሰውዬውን ፊት ግን ማንኛውም መለኪያ አያውቀውም። የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ከጎኔ ተቀምጠዋል።

«ትንሽ ጠቆር አድርገው» አሉኝ። አደረግኩ። «በዛ፤ መልሰው።» መለስኩ። «ከዓይኑ ሥር እንዲህ አልነበረም፤ እዚህ ጋ ቀላ ይላል፤ ፀሐይ ነው።» አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ስንባባል ቆየን። በመጨረሻ እጃቸውን አንሥተው «ተው፤ እዚያው ተው» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

«ጥርሱስ?» አልኩ፤ ባልጠይቅም መልሱን አውቀዋለሁ።

«ጥርሱን እንዳትነካው። ሲስቅ እጁን አፉ ላይ የሚያደርግ ሰው ነበር። ያን ቀን ነው የረሳው።»

ፋይሉን አስቀመጥኩ። ወደ ሃርድ ዲስኩ ገለበጥኩ። ተንቀሳቃሹን ሰክቼ ሦስተኛውን ቅጂ ጨርሼ ሳላበቃ መብራት ሄደ። ማራገቢያው፣ የጎረቤት ፀጉር ቤት ሙዚቃ፣ የመንገዱ አምፖል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ጨለማው ውስጥ የቀረው የስክሪኑ ብርሃንና «ጢጥ፣ ጢጥ» የሚለው ዩፒኤስ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ደነገጡ።

«ምን ሆነ?»

«መብራት ሄደ እትዬ።»

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «እርሱስ?»

«አለ» አልኳቸው። «የትም አልሄደም።»

ጠይሙ ሰውዬ አገዳው ዳር ቆሞ በቡናማ ጥርሱ ይስቃል። ዩፒኤሱ የሰጠኝ ጥቂት ደቂቃ ነበር። ማሽኑን በሥርዓት ከማጥፋቴ በፊት ግን ከዚያች ደቂቃ ላይ ትንሽ ቆርሼ፣ እስኪጠግቡት ድረስ እንዲያዩት ተውኳቸው።